ሲመቱት የሚበዛ አውሬ

ጠጋ በሉ እስቲ። መደቡ ላይ ውጡና ከበሩ ነፋስ ገለል በሉ። መጋቢት ነው፤ ሁዳዴ ተጋምሷል፤ ውጭው አቧራ ብቻ ነው። እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ በሬው አርፏል፣ ሰው ተልባና አብሹን እየጠጣ ፋሲካን ይጠብቃል። በዚህ ወር ወሬ ካልተወራ ሆድ ብቻውን ያወራል።

እኔ የምለው፣ የዛሬ ዘመን አውሬ ጥርሱን የት ጣለው? በኛ ጊዜ አውሬ ሲባል ጥርስ ነበረው። ጅብ ጥርስ አለው። ነብር ጥርስም ጥፍርም አለው። በተረት የሚመጣው ዘንዶ እንኳ ሰባት ራስ ይዞ ነው፤ በየራሱ ስንት ጥርስ እንደሚኖረው እናንተው አስቡት። ዛሬ ልጆች የሚፈሩት አውሬ ግን ጥርስ የለው፣ አጥንት የለው፣ እግር የለው። ዝልግልግ ነው። ልክ እንደ ተመታ አብሽ። አትሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር። ኋላ ግን በዚሁ ዝልግልግ ምክንያት ንስሐ ገብቻለሁ።

ነገሩ ያምናው ሁዳዴ ነው። ልጄ ሙሉ ያገባችው ንፋስ መውጫ ነው፤ ባሏ ጌጡ ባጃጅ ይነዳል። አምና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ገና በሰባት ወሯ፣ የደም ግፊቷ ከፍ አለ ተባለና ደብረ ታቦር ሆስፒታል አስተኟት። እስክትወልጂ ከዚህ አልጋ አትወርጂም አሏት። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ተወልዶ ሳይቆይ ሄዶባታል። ጌጡ ባጃጁን አቁሞ አጠገቧ ተቀመጠ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ማህደር ደግሞ እኔ ዘንድ መጣች። ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው፤ ለደህና እግር የሁለት ሰዓት መንገድ። ለእኔ እግር አትጠይቁኝ።

ማህደር አንድ ቦርሳና የናቷን ስልክ ይዛ መጣች። ሙሉ በሱ እንገናኛለን ብላ ሰጥታት ነው። የኔማ ቀፎ እንስራ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ውሃ ስቀዳ ጎንበስ ስል ከጉያዬ ሾልኮ ጥልቅ። እንስራዋ ተረፈች፣ እሱ አልተረፈም።

ልጅቷ ጨዋ ናት። እኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት አስገባኋት፤ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ውሃ አምጪ ስላት ታመጣለች። ግን አትጫወትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሰሶው ሥር ትቀመጥና ስልኩ ላይ ታቀረቅራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ለናቷ ጸሎት የምታደርስ መስሎኝ እንዳልረብሻት በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው። አንድ ቀን በትከሻዋ አሻግሬ ባይ፣ ጸሎት አይደለም። ጣት የሚያህል ሰውዬ ሰይፍ ይዞ ዋሻ ውስጥ ይሄዳል። በር ይከፍታል፣ ሌላ በር ይከፍታል። ሰባተኛው በር ላይ ሲደርስ አንድ አረንጓዴ ነገር ተጋድሟል። ሁለት ዓይን አለው፤ ሌላ ምንም የለውም። ይንቀጠቀጣል።

ምንድነው እሱ ብላት፣ ስላይም ይባላል እምዬ አለችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። ሰውዬው በሰይፍ ሲመታው አይደማም፣ አይጮህም። ሁለት ይሆናል። ሁለቱን ሲመታ አራት። አራቱን ሲመታ ስምንት። በመጨረሻ ሁሉም እየተንከባለሉ መጥተው ሰውዬውን ይውጡታል። መዋጥ ስል በአፍ አይደለም፤ አፍ ከየት አምጥቶ? ዝም ብለው ያልፉበትና እሱ ውስጣቸው ይቀራል። ተልባ ውስጥ የወደቀ ዝንብ አይታችኋል? እንደሱ ሆኖ ይንሳፈፋል።

ደግሞ ይህ አንድ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ስንት ዓይነት አለ መሰለሽ ትለኛለች። በየታሪኩ፣ በየጌሙ አለ። ከጉድጓድ ወጥቶ ከተማ የሚያጥለቀልቅ አለ። እንደ ዶሮ ቤት ውስጥ የሚያረቡትና የሚመግቡት አለ። አብዛኛው ግን ትንሽና ደካማ ነው፤ ጀማሪ ሰይፍ የሚለማመድበት ነው አለችኝ። ለጀማሪ የሚሰጥ ከሆነ አንቺን እንዴት አቃተሽ ብላት፣ ይሄኛው ትልቁ ነው ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

እኔ ግን አሰብኩ። ይህን አውሬ የፈጠረው ሰው አልቅት ያየ መሆን አለበት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎ ነበረችው። አንድ በጋ ከምንጭ ስትጠጣ አልቅት ምላሷ ሥር ገባባት። እሱ ጉልበተኛ ነኝ ባይ ነው፤ እጁን አፏ ውስጥ ከቶ ይስበዋል። አልቅቱ ሙልጭ ይላል። ይስበዋል፣ ሙልጭ። በመጨረሻ በቅሎዋ ሰለቻትና አፏን ገጠመችው። አልቅቱ በቦታው ቀረ፤ የባሌ አውራ ጣት ግን ለሦስት ሳምንት በጨርቅ ተጠቀለለ። ያዳነቻት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ናት፤ ጨው በጥብጣ ምላሷ ሥር አፈሰሰችና አልቅቱ ራሱ ለቀቀ። ሙልጭልጭ ነገር በጉልበት አይያዝም። ይህን አውቄ ሳለ ያደረግኩትን ስሙ።

እስቲ አምጪው እኔ ልምታው አልኳት። ሰጠችኝ። ስልክ ለካ የገበሬ ጣት አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ጎመንና ገብስ የነቀለ ጣት እንደ ቅርፊት ነው፤ ብጫነው፣ ብፈትገው፣ ወይ ፍንክች። ማህደር ጣትሽን በምላስሽ አርሺው አለችኝ። አረስኩት፤ ሠራ። ከዚያማ ማን ይያዘኝ? መታሁት፣ መታሁት፣ ሠላሳ ያህል አደረስኩት። ሰውዬው ተዋጠ። ልጅቷ ግን በመሳቅ ፈንታ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጨዋታ አይደለም እንዴ፣ ምን ያስለቅሳል ብዬ ስልኩን መለስኩላት። ኋላ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። አርብ ነው። በሁዳዴ። ነፍስ ያለው ነገር እንደዚያ ስደበድብ መዋሌ ከነከነኝ።

ሌላም ነገር ነበር። ያ ስልክ በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይዘፍናል። ሲዘፍን ማህደር ትደነግጥና አንድ ቦታ ስትነካው ጸጥ ይላል። እኔ የጨዋታው ዘፈን መስሎኛል። ያልተማረ ሰው ጆሮው ክፍት ነው፣ ግን ምን እንደሰማ አያውቅም።

በሳምንቱ አርብ ጌሾዬን ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ። የጌጡ ጎረቤት የሆነች ነጋዴ ከንፋስ መውጫ መጥታ ኖሯል፤ ስታየኝ እየሮጠች መጣች። ጌጡ አራት ቀን ሙሉ ሲደውል የሚያነሳለት አጥቷል፣ ምን ሆናችሁ ነው አለችኝ። ሙሉስ አልኳት። እኔ አላውቅም እማማ፣ ደውሉ በይልኝ ብቻ ነው ያለኝ አለች።

ደውሉ። እናንተ ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ። ያገራችን ሰው ክፉ ወሬ በመንገድ አይናገርም፤ ደውሉ ይላል፣ ኑ ይላል፣ ትንሽ አሟታል ይላል። ከስልክሽ ደውይልኝ ማለት እንኳ ትዝ አላለኝም። ጌሾውን ለማን እንደተውኩት እስከዛሬ አላውቅም። ጨው ልገዛ ወጥቼ ያለ ጨው ተመለስኩ። ያን መንገድ ያን ቀን በስንት ሰዓት እንደጨረስኩት እግሬ ይወቀው።

ማህደር ምሰሶዋ ሥር ናት። ስልኩን አምጪ፣ አባትሽ ሲደውል ነበር ወይ አልኳት። ስልኩን ጉያዋ ከተተችው። አልተቆጣሁም፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መሬት መሬቱን እያየች፣

«ካሸነፍኩት ነው የማነሳው» አለች።

«ማንን?»

«ስላይሙን። ተስያለሁ። እሱን ካሸነፍኩ እማዬ ከነሕፃኑ ትመጣለች። ሳላሸንፍ ካነሳሁ ግን…»

አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነጥቄ ጎረቤት ሄጄ ማስደወል እችል ነበር። ምን ያዘኝ? እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነው። ያላነሱት ስልክ ውስጥ ሙሉ ደህና ናት። አንዴ ካነሱት ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? የዘጠኝ ዓመት ልጅና የሰባ ዓመት አሮጊት አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዘን ተፋጠጥን። ስለዚህ ተነሥቼ ወደ ቄስ አድማሱ ሮጥኩ።

ቄስ አድማሱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ቤታቸው ከማሳችን ማዶ ነው። ሲወለዱ ቅቤ ያዋጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሙሉ ጋር አብረው ጭቃ ሲያቦኩ ነው ያደጉት። እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ሄደው ዜማ ተምረው ሲመለሱ ግን ልጄ ይሉኛል፤ እኔም አቤት አባ እላለሁ። ያን ቀን ማረሻ ሲስሉ ደረስኩ።

«አባ፣ በጾም ነፍስ አጥፍቻለሁ መሰለኝ» አልኳቸው።

ማረሻው ከእጃቸው ወደቀ። የማንን ነፍስ አሉኝ። የዝልግልጉን አልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው። ደም አለው ወይ አሉኝ። የለውም። አጥንትስ? የለውም። አባትና እናትስ? ሲመቱት ነው የሚወለደው አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳል መስሎኝ ውሃ ላምጣ ወይ አልኩ። ኋላ ዓይናቸውን ጠርገው ፈረዱ፤ ደምና አጥንት የሌለው ከተልባ ወገን ነው፣ ጾም አያስገድፍም አሉ። ተመስገን አልኩ።

የልጅቷን ስለት ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። ማረሻውን አንሥተው አቧራውን ጠረጉ። ስለት ለእግዜር እንጂ ለስልክ አይሰጥም፣ ብንቆጣትና ብናነሳውስ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለቱን ብናፈርስባትና ክፉ ወሬ ቢኖር፣ ዕድሜ ልኳን ‹እኔ ነኝ ያመጣሁት› ትላለች» አሉኝ። «ሂጂ ልጄ። አብረሻት ተቀምጪና በሩን እለፉ። ከዚያ ይደወል። ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

ሰው ስግደት ይታዘዛል፣ ውዳሴ ማርያም ይታዘዛል። እኔ ጌም ታዘዝኩ።

ስመለስ ማህደር እየመታች ነው። ዝልግልጉ ስክሪኑን ሞልቶታል። ጣቷ ቀልቷል። ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ፤ ሰው ሲጨንቀው እጁ የለመደውን ይይዛል። ጠዋት የዘፈዘፍኩት አብሽ ነበረ። መራራውን ውሃ ደፋሁና ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ መምታት ጀመርኩ። እሷ እዚያ ትመታለች፣ እኔ እዚህ እመታለሁ። አብሹ ነጣ፤ አበጠ፤ ወደ አፉ ወጣ። ያን ጊዜ እጄ ቆመ።

ለምን መሰላችሁ? አማቴ ትዝ አሉኝ። ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው በገባሁ በሳምንቱ አብሽ ምቺ አሉኝ። እናቴ ቤት የምትመታው ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እኔ አላውቅበትም። አልችልም ለማለት ደግሞ አፈርኩ። ትንሽ የሚበቃውን ሦስት እፍኝ ሙሉ ዘፈዘፍኩና መታሁት። አበጠ። በዛብኝ ብዬ ደነገጥኩና እንዲቀንስልኝ ይበልጥ መታሁት። ቅሉ ሞላ፤ ወደ ገበቴ ገለበጥኩት። ገበቴው ሞላ። እኔ እያለቀስኩ እመታለሁ፣ እሱ እየሳቀ ያብጣል። ገና ሙሽራ ነኝ፤ ባለሙያ አይደለችም ተብዬ ወደ እናቴ እመለሳለሁ ብዬ ነፍሴ ወጥታለች። አማቴ ገቡና ቆመው አዩኝ። አልተቆጡም። እጄን ያዙና፣ ልጄ፣ ሲመቱት ነው የሚበዛው፣ ተይው ይረፍ አሉኝ። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ አብሽ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እናቴ እንጂ አማቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

«ማህደር፣ አትምቺው» አልኳት።

«እና ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«ይውጠኛላ!»

«ይዋጥሽ። እስካሁንም ሲውጥሽ ነው የከረመው።»

ከመጀመሪያ ጀመረች። ሰውዬውን ሰባተኛው በር ድረስ አመጣችውና እጇን ጭኗ ሥር አደረገች፤ እንዳያመልጣት ተቀመጠችበት። ዝልግልጉ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሰውዬው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አየው። ሰውዬው አልነካውም። እኔ አባታችን ሆይ ጀመርኩ። አንዱን ደገምኩ፣ ሁለተኛውን ደገምኩ። አራተኛው ላይ የዝልግልጉ ዓይን ከደን ከደን አለ። ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ እንደ ኩበት ተዘርግቶ ተኛ። ለካ በሩ ከጀርባው ኖሯል። ለካ ቁልፍም የለው። ማህደር ሰውዬውን በጎኑ በኩል እንደ ሌባ አሳለፈችው። በሩ ተከፈተ።

አልጨፈረችም። ዞራ አየችኝ።

«ሳልመታው አሸነፍኩት ይባላል ወይ?»

ይህን ቄስ አድማሱም አላስተማሩኝ። አንቺ የፈለግሽው መግደሉን ነው ወይስ ማለፉን አልኳት። አሰበች። ማለፉን አለች። እንግዲያ ደውይ አልኳት፤ ድምፄ ግን እንደ ዝልግልጉ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ጌጡ አነሣና የት ጠፍታችሁ ነው ብሎ ጮኸ። እጄ ማህደር እጅ ላይ ነው። ሙሉስ አልኩት። ይኸው አጠገቤ ናት እናቴ፣ የርስዎ ተልባ አምሯት ሌላውን አልጠጣም አለችኝ፣ በሰው ይላኩልን ልል ነው ሰባት ጊዜ የደወልኩ አለ። ተልባ። ለተልባ ነው ነፍሴን ያወጣው። ልረግመው አፌን ስከፍት ሙሉ ስልኩን ተቀበለችው።

«እማዬ፣ ሰባተኛውን በር አለፍኩ» አለች ማህደር።

«ስላይሙን?» አለች ሙሉ። «እኔ እንኳ አቅቶኝ የተውኩት ነው። እንዴት አድርገሽ መታሽው?»

«አልመታሁትም። እስኪተኛ ጠበቅኩት።»

«እኔንም እዚህ ያዘዙኝ እሱኑ ነው» አለች ሙሉ። «ተኝቶ መጠበቅ።»

ማህደር ያን ጊዜ ነው የሳቀች። ከዚያ ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ አብሹን ከቅሉ ሙሉ ጠጣች።

እንግዲህ ያለቀው እንዲህ ነው። በፋሲካ ሳምንት ሙሉ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም በሰላም ወጡ። እኔም ተልባዬን ተሸክሜ ደብረ ታቦር ሄጃለሁ። ማህደር ወንድሟን ስታይ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው፣ አጥንቱ ያልጠና፣ ሳታስበው ስላይም አለችው። ማን ይከራከራታል? ሁላችንም ወደዚህ ዓለም እንደዚያው ዝልግልግ ሆነን ነው የመጣነው። ቄስ አድማሱ በአርባኛው ቀን ሌላ ስም አወጡለት፤ ቤት ውስጥ ግን ያው ስላይም ነው። አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፤ አራት ጥርስ አብቅሏል። እንደ ድሮው አውሬ ሆኗል፤ ጣቴን ነክሶኛል።

ሙሉ ደህና ናት። ጌጡ ባጃጁን ይነዳል፤ ስልክ ካላነሡለት አሁንም ሰባት ጊዜ ይደውላል። ማህደር ንፋስ መውጫ ተመልሳ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ነጋዴዋ ጌሾዬን ሸጣ በሰው ልካልኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ቄስ አድማሱ ንስሐ ስገባ ኃጢአቴን ሁሉ ሰምተው ይጨርሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስንተኛው በር ደረሳችሁ ይሉኛል።

ስልኩ እኔ ጋ ቀረ፤ እንድንገናኝበት። ማህደር ሰባተኛውን በር እንዴት እንደምከፍት አሳይታኛለች። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ከፍቼ አየዋለሁ። ያ ዝልግልግ እዚያው በሩ ላይ ተኝቷል። ሰው አይመጣበት፣ ብቻውን ነው። እኔም ምሰሶው ሥር ብቻዬን ነኝ።

አትምቺው ብዬ ያስተማርኩ እኔው ነኝ፤ አልካድኩም። ግን ለናንተ ልንገራችሁ፣ ለቄስ አድማሱ ገና አልነገርኩም። ባለፈው ሐሙስ ጣቴን በምላሴ አርሼ አንድ ጊዜ መታ አደረግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሁለት ሆኑ። ጎን ለጎን ተኙ።